ቲቸር የሺ ያላዩት ቀስተ ደመና

ስልኩ ሲጠራ ግቢው ውስጥ አቧራ ለማስተኛት ውሃ እረጭ ነበር። እዚህ ሰመራ ዝናብ ብርቅ ነውና፣ የእርጥብ አፈር ሽታ ሲያምረን በጣሳ እየረጨን ነው የምናሸተው። የደወለችው አብሮ አደጌ ሰናይት ናት።

"ቲቸር የሺ ዐረፉ። ትናንት የካ ሚካኤል ቀበርናቸው።"

አማተብኩ። ሰናይት ቀጥላ፣ "ልቅሶ ቤት ምን ሲባል ሰማሁ መሰለሽ? ዓይናቸው መጥፋቱን ደብቀው ሲያስተምሩ ተይዘው ነው ከሥራ የወጡት ይላሉ። ያሳደጓት የእህታቸው ልጅ አንገቷን ደፍታ ትሰማለች" አለችኝ።

እንዲያ አልነበረም። ያየሁትን ልጻፍ፤ ያላየሁትን አልጨምርም።

ትምህርት ቤታችን ከየካ ሚካኤል ከፍ ብሎ፣ የእንጦጦ ባሕር ዛፍ የሚጀምርበት ዳገት ላይ ነበር። በዝናብ ወራት ክፍሉ ጠመኔ፣ ጭቃ የረገጠ የላስቲክ ጫማና እርጥብ ሹራብ ይሸታል። ቲቸር የሺ የሳይንስ መምህራችን ነበሩ። ከሰማያዊ ጋዋናቸው ኪስ ክብ የእጅ መስታወት አይጠፋም። ውሃ የሞላ ሳፋ ውስጥ አጋድመው ሲያስቀምጡት፣ በመስኮት የገባችው ጨረር ግድግዳው ላይ ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ ሆና ትዘረጋለች።

"ብርሃን ውሃ ውስጥ ሲገባ ይታጠፋል" ይሉናል። "ቀለሞቹ ግን እኩል አይታጠፉም። ቀዩ ደረቅ ነው፣ ትንሽ ነው የሚታጠፈው። ሐምራዊው ወገቡ ይለመጣል። ለዚህ ነው አብረው ገብተው ተለያይተው የሚወጡት። የዝናብ ጠብታም ሥራዋ ይኸው ነው።"

እኔ የቄስ ልጅ ነኝና ነገሩ አስፈራኝ። "ታዲያ የማርያም መቀነት አይደለችም ማለት ነው?" ብዬ ጠየቅኋቸው።

"መቀነቱማ የእመቤታችን ነው፣ የኔ ልጅ። እኔ የማሳይሽ አሸማመኑን ነው" አሉኝ። ልቤ ዐረፈ።

በዚያ ዓመት ዓይናቸው እየደከመ ሄደ። ሰሌዳው ላይ አንዱ መስመር በሌላው ላይ ይወጣ ጀመር። የሚለዩን በድምፃችን ነበር። ከእኛ አልደበቁም፤ "ማነው ዛሬ ዓይኔ?" ይላሉ፣ አንዳችን ተነስተን እንጽፍላቸዋለን። ለአለቆቻቸው ነግረው እንደሆነ ግን አላውቅም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሱፐርቫይዘር መጥቶ የኋላ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ቆርቆሮውን ሲደበድብ የዋለው ዝናብ ሳያባራ ፀሐይ ወጣች። ተስፋዬ፣ "ጅብ ወለደች!" ብሎ ጮኸ።

"እንኳን ማርያም ማረችሽ በላታ!" አሉት ቲቸር። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። "ተነሱ፣ እንውጣ።"

ግቢው መሃል ቆሙ። ማጅራታቸውን ለፀሐይዋ ሰጡ። ዝናቡ ከፊታችን ወደ ምሥራቅ፣ ወደ መሪ በኩል ሲሸሽ በየቤቱ ቆርቆሮ ላይ ይሰማል፤ ያኔ መሪ ገና እርሻ ነበር። ጥቂት ቆዩና ጣታቸውን ዘረጉ።

"ያቻት!"

እውነትም ነበረች፤ አንድ እግሯን ማሳው ውስጥ ተክላ፣ ከላይ ቀዩን፣ ከታች ሐምራዊውን አድርጋ።

ሱፐርቫይዘሩ ፊቱ በራ። "ቲቸር፣ ዓይንዎ ደክሟል ብለውኝ ነበር እኮ የመጣሁት። ከእኔ ቀድመው አዩዋት! ይኼንኑ ነው የምጽፈው።"

ተስፋዬ ጋዋናቸውን ጎተት አድርጎ፣ "ቲቸር፣ እሺ ይበሉ በቃ" ሲል ሰማሁት። ማስተማር ለእሳቸው ምን እንደነበረ ሁላችንም እናውቃለን።

"አላየኋትም ጌታዬ" አሉ፤ ድምፃቸው አልተለወጠም። "ፀሐይ ማጅራቴን አሞቀችኝ፣ ዝናቡ ከፊቴ ጮኸ። እንዲህ ሲሆን የት እንደምትቆም ስለማውቅ ነው። እርስዎንም አላይዎትም።"

ሰውዬው ባርኔጣውን አወለቀ። በሳምንቱ ሌላ መምህር ገባልን።

በሕይወቴ ብዙ ስብከት ሰምቻለሁ። ሐሰት መናገር ሲቀለኝ የሚመልሰኝ ግን ያ "አላየኋትም" ነው። ነፍሳቸውን በአብርሃም አጠገብ ያኑርልን።

ያን ቀን ግቢው ውስጥ የቆማችሁ፣ እኔ ሩቅ ነኝ፤ ድንኳኑ ሳይነሳ ልቅሶ ቤት ሂዱልኝ። ለእህታቸው ልጅ፣ ማንም አልያዛቸውም፣ ራሳቸው ናቸው የተናገሩት በሏት። ተስፋዬ፣ አንተ ደግሞ "እሺ ይበሉ" ማለትህን አትደብቅባት። እሱን ስትሰማ ነው ቀና የምትለው።