የደስታነሽ የዲፌንስ ዳቦ

ስሙን በማልጠራው ግቢያችን የማስተርስ ተማሪ ዲፌንስ ባለው ቀን ለፈታኞቹና ለታዳሚው ዳቦና ለስላሳ ያቀርባል። የተጻፈ ደንብ አይደለም፤ ያላቀረበ ግን ይታማል። ደስታነሽ ዳቦውን እናቷ እንደሚጋግሩላት ስትነግረኝ፣ ነገር አታምጪ፣ ከዳቦ ቤት ግዢ አልኳት። ተቆጣች። እናቷ የጋገሩትን የተማረ ሰው ቆርሶ ሲበላ አንድ ቀን እንኳ ማየት አለባቸው አለችኝ። ዲግሪውን ከምትፈልገው በላይ ይህን ትፈልግ ነበር።

እናቷ ወይዘሮ ሥራነሽ ከደምበጫ ወጣ ብሎ ባለ ሰፈር ሸክላ ይሠራሉ። ወይዘሮ የምላቸው እኔ ነኝ፤ እዚያ እንዲህ ብሎ የሚጠራቸው የለም። ማድጋቸውን ገበያ ላይ ሁሉም እያንኳኳ ይገዛል፣ ቤታቸው ግን የሚገባ ሰው የለም። ሰው ሁሉ ቡዳ ናቸው ይላቸዋል። በእኚህ ሴት እንስራ ውኃ ቀድቶ፣ በድስታቸው ወጥ ሠርቶ፣ በልቶ ሲጠግብ ደግሞ ቡዳ ይላቸዋል። ገበሬው ሲለው እናደዳለሁ። ፊዚክስ የተማረ ሰው ሲለው ግን ደሜ ይፈላል፤ የላብራቶሪ ቴክኒሻን ስለሆንኩ የምሰማው ደግሞ ከእነሱው ነው።

ደስታነሽ ይጁቤ ላይ ጥቂት ዓመት ካስተማረች በኋላ ነው እኛ ግቢ ለማስተርስ የመጣችው። የምርምር ርዕስ ምረጪ ስትባል ሴራሚክ መረጠች። መምህራኑ እየሰማቻቸው ተሳሳቁ። አንዱማ ከእናቷ ጓዳ ይዛው የመጣችው ሙያ ነው አለ። እሷም አዎ፣ ከዚያው ነው ብላ ሥራዋን ጀመረች።

ሥራዋ ሁለት ዱቄት ማጋባት ነበር። አንዱ ባሪየም ታይታኔት ነው፤ ሲገፉት ቮልቴጅ ያወጣል። ሌላው ኮባልት ፌራይት ነው፤ ማግኔት ሲጠጋው ቅርጹ በጥቂቱ ይለወጣል። አብረው ተፈጭተው፣ ተጠፍጥፈው፣ ከሺህ ዲግሪ በላይ ሲተኮሱ እንደ ሸሚዝ ቁልፍ ያለ ጠንካራ ነገር ይሆናሉ። ከዚያ ማግኔት ስታስጠጋው ፌራይቱ ጎረቤቱን ይገፋል፣ የተገፋውም ቮልቴጅ ያወጣል። ማለቂያ የሌለው ጣጣ አለው። ፌራይቱ ከበዛ ቅንጣቶቹ እርስ በርስ ይነካኩና ኤሌክትሪኩ በእነሱ በኩል ሾልኮ ያመልጣል። ምድጃው እየጋለ መብራት ከጠፋ ደግሞ የሳምንት ልፋት ገደል ይገባል፤ በእኛ ከተማ መብራት መቼ እንደሚጠፋ የሚያውቅ የለም።

ምድጃውን ከእሷ ጋር የሚጠቀም ትዕዛዙ የሚባል ተማሪ ነበር። ችኩል ነው። ዱቄቱን የሚያያይዘው ማጣበቂያ ቀስ ብሎ ተቃጥሎ እስኪወጣ አይጠብቅም፣ ሙቀቱን በአንዴ ይለቀዋል። ናሙናው ተሰነጣጠቀ። ምድጃውን ሲከፍት ደስታነሽ በሩ ላይ ቆማ ነበርና ዓይኗን አሳረፈችበት ብሎ ለትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ለዶክተር ታረቀኝ ከሰሳት። ዶክተሩ ሊስቅበት ወይም ሊያባርረው ይችል ነበር። እሱ ግን ለሰላም ሲባል በሚል ሰበብ ትዕዛዙ በሌለበት ሰዓት ብቻ እንድትገባ አዘዛት። ሰላም ማለት እንግዲህ እሷን ማባረር ነው። እሑድ እሑድ፣ ሌላው ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ፣ እሷ እየገባች ተኮሰች። ቮልቴጁ የወጣ ዕለት መለኪያውን እያየች አለቀሰች።

ዲፌንሷ ዓርብ ጠዋት ሆነ። ጥሩ አድርጋ ተናገረች። ፈታኞቹ ናሙናዎቹን ከጠረጴዛው እያነሱ፣ በጣታቸው እያገላበጡ አዩ፤ ታረቀኝም ወደ መስኮቱ ወስዶ በብርሃን ተመለከተ። አሪፍ ሥራ ነው ተባለና ከሁሉ የበለጠ ውጤት ሰጧት። ተጨበጨበ። ወይዘሮ ሥራነሽ ከኋላ ወንበር ተነሥተው ድፎውን ገለጡና ቆራረሱት።

ለስላሳው ወዲያው አለቀ። የታሸገ ነዋ፣ የማንም እጅ አልነካውም። ዳቦውን ግን አንድም ሰው አልነካ። እናትየው ሳህኑን ይዘው ከአንዱ ወደ አንዱ ሄዱ። አንዱ ስልኩን አነሣ፣ አንዱ ሆዴን አለ። ታረቀኝ ጋ ሲደርሱ ጠርሙሱን በግማሽ እንደጨለጠ፣

«ጾም ነው እማማ» አላቸው።

ለስላሳ እየጠጣ የሚጾም ሰው ያን ቀን ገና አየሁ። እኔ የምር ጾመኛ ነበርኩ፤ ሁለት ቁራሽ አንሥቼ እፊቱ በላሁ። ንስሐ አባቴ የፈለጉትን ይቅጡኝ።

ወይዘሮ ሥራነሽ አልሄዱም።

«ልጄ የሠራችውን ቅድም በእጅዎ ሲያገላብጡት ነበር» አሉት። «ያኔ አልፈሩም ጌታዬ?»

ታረቀኝ ፊቱ ቀላ፤ ወሬ ለማስለወጥ ወደ ልጅቱ ዞሮ ናሙናዎቹ የትምህርት ክፍሉ ንብረት ስለሆኑ ለእንግዳ ማሳያ ትታቸው እንድትሄድ አዘዘ። ደስታነሽ ከጠረጴዛው ለቃቅማ መዳፏ ላይ አደረገቻቸውና አጠገቡ ድረስ ሄደች።

«ይቀበሉኝ» አለችው፣ እጇን እንደዘረጋች።

ታረቀኝ መዳፏን አየ። ከዚያ እናትየውን አየ። እጁን ኪሱ ውስጥ ከተተ።

«ጠረጴዛው ላይ አስቀምጪው» አላት።

ሁሉም ሰማ። ደስታነሽ ትንሽ ጠበቀችው፤ ከዚያ ጣቶቿን ጭብጥ አደረገችና ወደ በሩ ሄደች። እናቷ ዳቦውን ሸፍነው ተከተሏት። ታረቀኝ ንብረት ነው፣ መልሺ እያለ ጮኸ፤ ትዕዛዙና ሌሎቹ በሩ አጠገብ ተኮልኩለው ነበር፣ ሲደርሱ ግን ግራና ቀኝ ሸሽተው አሳለፏቸው። ሊቀማት የሞከረ አልነበረም፤ ለመቀማት እጇን መንካት ያስፈልግ ነበር።