ክለብ የሌለው ተከላካይ

በስደት አገር፣ ሆሎዌይ ሰፈር በምሠራበት ካፌ ጠዋት ጠዋት የሚመጣ አንድ ብራዚላዊ አለ። ብቻውን ሲሮጥ ቆይቶ በላብ እንደራሰ ይገባና በሩን ማየት የሚችልበት ቦታ ይቀመጣል። ቱታው ላይ የክለብ አርማ የተነቀለበት ቦታ ከሌላው ጨርቅ ደምቆ ይታያል። አሥራ አንድ ዓመት በአራት አገር ተከላካይ ሆኖ ተጫውቷል፤ የጉልበቱ ጅማት ከተበጠሰ ወዲህ ግን የሚያስፈርመው አላገኘም።

ምግብ አብሳያችን ዐብዱ አይተወውም። «ወንድሜ፣ ለእኛ ፈርም! ደሞዝ የለም፣ እንቁላል ግን አለ።»

«ሁለት እንቁላል ካልሆነ ወኪሌን አነጋግር» ይለዋል እየሳቀ።

አንድ ቀን ሻይ ሳቀርብለት፣ በቴሌቪዥን ስምህን ሰምቼ አላውቅም አልኩት።

«ተከላካይ በደንብ ሲጫወት ማንም ስሙን አይጠራም፤ ሲሳሳት ነው የሚጠራው» አለኝ። ቆይቶም «አሁን ለስህተትም ቢሆን የሚጠራኝ ባገኘሁ» አለ።

አንድ ክለብ ሞክሮት እስከ ዓርብ እንደውላለን ብሎት ነበር። ዓርብ ዕለት ስልኩ ሲጮህ ብድግ አለ። እናቱ ነበሩ፤ ሽበታቸው ስልኩ ላይ ታየኝ። ፈገግ ብሎ ብዙ አወራቸው። ቋንቋውን አላውቅም፤ ግን እኔም እናቴን በዚያው ድምፅ ነው «ደህና ነኝ፣ ሥራ አለ» የምላት።

ስልኩን እንደዘጋ፣ ሻዩን ሳይጨርስ ተመልሶ ሊሮጥ ወጣ።