የኻሊዳ ህንድኛ

ኻሊዳ ሙሕሲን ህንድኛ የተማረችው ከፊልም ነው። ድሬዳዋ ልጅ ሳለች አባቷ ሲኒማ ቤት ይዟት ይገባ ነበር። ጨርቅ ነጋዴ ነው፤ ቤት ውስጥ ብዙ አይናገርም። ተዋናዩ ዲሊፕ ኩማር ብቅ ሲል ግን ክርኗን ነካ ያደርግና «ስሚው፣ አይጮህም» ይላት ነበር። በዐሥራ ስምንት ዓመቷ ጅቡቲ ተዳረች። ባሏ ካርቲየ ዶ በሚባለው ሰፈር የጨርቅ ሱቅ ነበረው፤ ከሱቁ ጀርባ ግቢ አለ፣ ግቢው ውስጥ ቴሌቪዥንና የቪዲዮ ካሴት ማጫወቻ። ወንዶቹ ከምሳ በኋላ ጫታቸውን ይዘው ሲቀመጡ ሴቶቹ እዚያ ይሰበሰባሉ። ኻሊዳ ከፊት ተቀምጣ ለሐበሾቹ በአማርኛ፣ ለጎረቤቶቹ በሶማልኛ ትተረጉማለች። ህንድኛ ማንበብም መጻፍም አትችልም። ሰፈሩ ግን «የህንድ ቋንቋ ከፈለግህ ኻሊዳ ጋ ሂድ» ይል ነበር፤ እሷም ይህን ስትሰማ ደስ ይላታል።

ከሴቶቹ ሁሉ የምትቀርባት እልፍነሽ ናት። የእልፍነሽ አባት ወልደየሱስ የባቡር ትኬት ቆራጭ ነበሩ፤ እሷም የተወለደችው እዚያው ጅቡቲ ነው። የሀብታሞቹ ሰፈር ሀራሙስ፣ አንድ ቪላ ውስጥ ወጥ ቤት ትሠራለች። ባሏ በጊዜ ሞቶባት ጸደንያ የምትባል ሴት ልጇን ብቻዋን ታሳድግ ነበር። የምሳ ዕቃ አጣጥባ እንደጨረሰች በሚኒባስ ካርቲየ ዶ ትመጣና ከኻሊዳ አጠገብ ትቀመጣለች።

ሁለቱ የማይስማሙት በተዋናይ ነው። ኻሊዳ ከአሚታብ ባቻን ወዲያ ወንድ የለም ባይ ናት። «ዝም ሲል እንኳ ቤቱ በሙሉ እሱን ይጠብቃል። የእናንተ ሻሩክ ካን እሱው ይናገራል፣ እሱው ያለቅሳል፣ ለእኛ ምን ተረፈን?» ትላለች። እልፍነሽ ደግሞ ቀስ ብላ ነው የምትመልሰው። «አሚታብ ሴቲቱ ስታናግረው በጭንቅላቷ ላይ አሻግሮ ጠላቱን ነው የሚያየው። ሻሩክ ፊቷን ያያል። ልዩነቱ ይኸው ነው።» ሴቶቹ ይስቃሉ። ኻሊዳ ግን መሸነፍ አይሆንላትም፤ ካሴቱን አቁማ ሳይቀር ትከራከራለች።

በዚያው ሰሞን ልደቱ የሚባል ሰው እልፍነሽን ሊያገባ ፈለገ። አምቡሊ አውሮፕላን ማረፊያ ዕቃ ጫኝ ነው፤ ቀጭን፣ ዓይኑ ቶሎ እንባ የሚሞላ። ጸደንያ በትኩሳት ስትቃጠል ታቅፎ ሆስፒታል ያደረሳት እሱ ነው፤ ሐኪሙ «ትተርፋለች» ሲለው ኮሪደሩ ላይ አልቅሷል። እልፍነሽ ይህን ለኻሊዳ ነገረቻት። ኻሊዳም በማግስቱ ለሴቶቹ ሁሉ አወራችው። ልደቱ እልፍነሽን ሊወስድ በሩ ጋ ሲደርስ «ተነሺ፣ ሻሩክሽ መጣ። መሐረብ ይዘሽለታል?» አለች። ግቢው በሳቅ ሞላ። ልደቱ ሰምቷል። እልፍነሽም አብራ ሳቀች።

ከዚያ በኋላ ኻሊዳ ለብቻቸው ሲሆኑም አልተወቻትም። «የሚያለቅስ ወንድ ነገ አንቺን ምን ይጠቅምሻል?» አለቻት። እልፍነሽ በሁለት ወሯ ልደቱን እንቢ አለችው። ሰውየው ድሬዳዋ ሄዶ አገባ። ስለ እሱ ዳግመኛ አልተነሳም፤ እልፍነሽም ከሰዓት ከሰዓት መምጣቷን አላቆመችም። ካሴቱ ቀርቶ ዲሽ መጣ፣ ዲሹ ቀርቶ ሁሉም በየስልኩ ማየት ጀመረ። የኻሊዳ ባል ሞተ፣ ሱቁን እሷ ያዘች። ጸደንያ አደገችና «ሁለታችሁም አታውቁም፣ ራንቢር ካፑርን እዩ» ትላቸው ጀመር፤ ሁለቱ አሮጊቶች በእሷ ላይ ያብሩባታል።

ባለፈው ዓመት ጥቅምት ላይ የእልፍነሽ ሆድ ይነፋ፣ ከጎኗ ይወጋት ጀመር። ምግብ ዘጋት። ያን ጊዜ አንድ የግል ክሊኒክ ከህንድ ሐኪም አስመጥቶ ለአንድ ሳምንት ያሳክም ነበር። ክሊኒኩ ከእንግሊዝኛ ወደ ፈረንሳይኛ የሚመልስ አስተርጓሚ መድቧል። ጸደንያ ከሥራዋ ፈቃድ አጥታ መሄድ አልቻለችም። ኻሊዳም «አስተርጓሚ ለምን? እኔ እያለሁ?» ብላ ራሷ ይዛት ሄደች።

ሐኪሙ ስድሳ ዓመት የሚሆነው፣ ፊቱ የደከመ ሰው ነበር። ኻሊዳ በህንድኛ ሰላም ስትለው ብዕሩን አስቀመጠ።

«የት ነው የተማርሽው?»

«ከፊልም ነው፣ ዶክተር።»

ሰውየው ሳቀ። አባቱ ዲሊፕ ኩማርን ያመልኩ እንደነበር፣ እሱ የአሚታብ አድናቂ እንደሆነ፣ ልጁ ደግሞ በሁለቱም እንደምትስቅ ነገራት። «ልክ እንደኛ!» አለች ኻሊዳ። ዲሊፕ ኩማር ቀስ ብሎ ሲናገር ሰው ሁሉ ሊሰማው ወደፊት ያዘነብል ነበር፣ አሚታብ ዝም ብሎ ሰውን ያስጠብቃል፣ ከእነሱ በኋላ የመጡት ግን ለተመልካቹ የሚተዉለት ነገር የለም አለችው። ሐኪሙ ጭንቅላቱን እየነቀነቀ ሰማት፤ እንዲህ ያለ ንግግር አያቱ ቤት ከሰማ ወዲህ ዛሬ መስማቱ ነው። ኻሊዳ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ከአገሩ ሰው ጋር በአገሩ ቋንቋ ስለሚያውቁት ነገር እያወራች ነበር። እልፍነሽ ሆዷን ይዛ፣ አንዱም ሳይገባት ፈገግ ብላ ታያቸዋለች።

ከዚያ ሐኪሙ ሆዷን ዳሰሰ፣ በማሽን አየ። ነርሷ በሩን ሁለት ጊዜ አንኳኳች፤ ውጭ ብዙ ሰው ይጠብቃል። ቶሎ ቶሎ ተናገረ፣ የእንግሊዝኛ ቃል ቀላቀለበት። ኻሊዳ የያዘችው ሦስቱን ነው። ሆዷ ውስጥ ጋንት አለ። መውጣት አለበት። ቶሎ።

ጋንትን ታውቃለች። ቋጠሮ ነው፤ በፊልሙ ሠርግ ላይ የሙሽራውንና የሙሽሪትን ልብስ የሚቋጥሩት። ሐኪምም ታውቃለች፤ በፊልሙ ሐኪም ቦርሳውን አንጠልጥሎ ይመጣል፣ የሴትየዋን እጅ ይዞ የልብ ሐዘን ነው ብሎ ይሄዳል። ደግማ መጠየቅ ነበረባት። ያን ያህል ካወራችው በኋላ አልገባኝም ማለት አፈረች።

«ሆድሽ ውስጥ የቋጠርሽው ነገር አለ ነው የሚለው» አለቻት። «አውጪው ይላል። ቶሎ አውጪው።»

እልፍነሽ ሐኪሙን አየችው። እሱም አንገቱን ነቀነቀላት። ሁለት ወረቀት ሰጣቸው፤ በአንዱ ማስታገሻ ገዙ፣ በእንግሊዝኛ የተጻፈውን ሌላኛውን እልፍነሽ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

ከክሊኒኩ ወጥተው ሚኒባስ ሲጠብቁ እልፍነሽ ቦርሳዋን አቅፋ ቆመች። በኋላ «እውነቱን ነው» አለች። «ሃያ አምስት ዓመት ቋጥሬዋለሁ።»

«ምኑን?»

«ልደቱን። አንቺ ነሽ ያስቀረሽብኝ። ሰውየው ልጄን ታቅፎ አለቀሰ፣ አንቺ መሳቂያ አደረግሽው። አብሬሽ ሳቅሁ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ካንቺ ጋር እየተቀመጥሁ ሳይሽ ያመኝ ነበር።»

ኻሊዳ ደነገጠች፤ ወዲያው ደግሞ ተቆጣች። «እኔ ስለ ፊልም ነው ያወራሁት። አታግቢው ብዬ እጅሽን ያዝሁሽ? ብትወጂው ኖሮ ታገቢው ነበር።»

«እወደው ነበር።»

«እንግዲያው ፈሪዋ አንቺ ነሽ።»

እልፍነሽ በመጣው ሚኒባስ ብቻዋን ሄደች። ከዚያ ሰባት ወር አልተያዩም። እልፍነሽ ለልጇ «ሐኪሙ የብስጭት ነው ብሎኛል፣ ካወጣሁት ወዲህ ቀለል ብሎኛል» ትላታለች። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ማስታገሻውም ረድቷት ይሆናል። ኻሊዳ በሱቋ ቁጭ ብላ ይቅርታ ጠይቃ ትምጣ እያለች ትጠብቃለች። የሰው ወሬ ሲደርሳትም፣ ከስታለች ሲሏት፣ «የሠራችው ነው ያከሳት» ትል ነበር።

ግንቦት ላይ እልፍነሽ ወጥ ቤት ውስጥ ወደቀች። ጸደንያ ሆስፒታል አስተኝታት ልብስ ለመውሰድ ቤት ስትመለስ የክሊኒኩን ወረቀት ቦርሳው ውስጥ አገኘችው። እንግሊዝኛ ለሚያነብ የሥራ ጓደኛዋ አሳየችው። ከዚያ ወረቀቱን ይዛ በቀጥታ ሱቁ መጣች።

«እትዬ ኻሊዳ፣ ሐኪሙ ምን ነበር ያላችሁ?»

ኻሊዳ ነገረቻት።

«ዕጢ ነው የሚለው» አለች ጸደንያ። «በአንድ ወር ውስጥ ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋታል ይላል።»

ኻሊዳ አላመነችም። ሱቋን ሳትዘጋ ወደ ገበያው ሄዳ እዚያ የሚነግደውን ሽማግሌ ህንድ ጋንት ምን እንደሆነ ጠየቀችው። «ቋጠሮ ነው» አላት፤ ልቧ መለስ አለ። «ሥጋ ውስጥ የሚበቅለውንም እንደዚያው ነው የምንለው። እናቴ በሱ ነው የሞተችው» ብሎ ጨመረ።

ሆስፒታል ስትደርስ እልፍነሽ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኝታለች። ክንዷ የልጅ ክንድ አክሏል። ኻሊዳ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። ሁሉንም ነገረቻት፤ ቃሉ እንዳልገባት፣ መጠየቅ እንዳፈረች፣ ሐኪሙ ያለው ሌላ እንደነበር።

እልፍነሽ ወደ እሷ ዞረች።

«እንግዲህ በከንቱ ነው ያወጣሁት?»

«ይቅር በይኝ። ወላሂ፣ አውቄ አይደለም።»

«አውቀሽ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ያኔም አውቀሽ አልነበረም።» ትንፋሽ አጠራትና አረፍ አለች። «ያልኩሽን ግን አልመልሰውም፣ ኻሊዳ። እውነት ስለሆነ አልመልሰውም።»

ጸደንያ እግርጌ ቆማ ትሰማለች። «እማዬ ዶክተሩ ብዙ ሳቀ ብላኝ ነበር» አለች። «ምን እያወራችሁ ነው የሳቀው?»

ኻሊዳ መዋሸት ትችል ነበር። አልዋሸችም። «ስለ ተዋንያን» አለች። «የቱ ይበልጣል እያልን።»

ጸደንያ የእናቷን አንሶላ አስተካከለችና ወጣች። የሆስፒታሉ ሐኪም እልፍነሽ ቀደም ብላ መጥታ ቢሆን ትድን ነበር ወይ ተብሎ ሲጠየቅ «ምናልባት» ነው ያለው። ከዚያ የከፋ መልስ አልነበረም። አይሆንም ቢል ኖሮ ኻሊዳ ታርፍ ነበር፤ አዎ ቢልም ቁርጧን ታውቅ ነበር።

እልፍነሽ በዐሥራ አንደኛው ቀን አረፈች። ለቅሶው ላይ ኻሊዳ ሦስቱንም ቀን መጣች። ቦታ ሰጧት፣ ውሃ አቀረቡላት፤ ያናገራት የለም። ወሬው ከእሷ ቀድሞ ደርሷል። አንዲት የእልፍነሽ ዘመድ ብቻ፣ ትሁን የምትባል ሃያብለ ሰፈር የምትኖር ሴት፣ ከጎኗ ተቀምጣ «አንቺም እኮ ለመርዳት ብለሽ ነው» አለቻት። ኻሊዳ ከሁሉ ያመማት ይህ ነበር።

ሙቀቱ ሲበረታ ጸደንያ የእናቷን ዕቃ ሸጠች። ድሬዳዋ ሥራ አግኝታለች። የምትሄድበት ቀን ጠዋት ሰፈሩን በየበሩ ተሰናበተች። ሶማሌውን ባለሱቅ ጨበጠችው፣ ልብስ ሰፊውን ሳመችው፣ ከኻሊዳ ሱቅ ወዲህና ወዲያ ያሉትን ሴቶች አንድ በአንድ አቀፈች። ኻሊዳ በሯ ላይ ቆማ ነበር። ጸደንያ ሻንጣዋን ከአንዱ እጇ ወደ ሌላው አዛወረችና በፊቷ አልፋ ሄደች።