የቅዳሜው ዕጣና የጋሼ ነፋስ ኮምፕሬሰር

ሐሙስ ዕለት፣ ሥራ ሲያበቃ፣ ጋሼ ነፋስ አሮጌ ጎማ ላይ ቁጭ አሉና አብሯቸው የሚሠራውን ጎሚስታ ጠሩት። ጋሼ ነፋስ ስማቸው አይደለም። ዕድሜ ልካቸውን ጎማ እየነፉ፣ እንደው ነፋስ እየሸጡ ስለኖሩ ሰፈሩ ያወጣላቸው ነው። እሳቸውም ወደውታል።

«ስማ ልጄ፣ ጉልበቴ እንቢ ብሏል። ልጄ ዘንድ ሄጄ ላርፍ ነው። ኮምፕሬሰሩንም፣ ክሪኩንም፣ ይህችን ቦታም ልሸጥ ነው» አሉት።

ጎሚስታው እጁን በጨርቅ እየጠረገ ነበር። መጥረጉን ተወው።

«ጎረቤታችን ባትሪ ሠሪው ልግዛ ብሎ ቆሟል፤ ጨምሮም ይሰጠኛል። እኔ ግን ስንት ዓመት መኪና ስር የገባህልኝ አንተ ነህ ብዬ ላንተ ቀነስኩ። ነገ ካመጣህ ያንተ ነው። ካላመጣህ ግን አትቀየመኝ፣ እሑድ መንገደኛ ነኝ።»

ገንዘቡስ ነበረው። ልክ የሚበቃው ነበረው። ችግሩ የተቀመጠበት ቦታ ነው።

ገንዘቡ ያለው ባለዕጣ ቁጠባ የሚሉት ሂሳብ ውስጥ ነው። ባንኩ ወለድ አይከፍልበትም፤ ወለዱን አጠራቅሞ በዓመት ጥቂት ጊዜ ዕጣ ያወጣበታል። ያስቀመጥከው አይነካም፣ ባስቀመጥከው ልክ የዕጣ ቁጥር ይሰጥሃል። ትልቁ ዕጣ አውቶሞቢል ነው። ጎሚስታው ስድስት ዓመት ሙሉ ሲያስቀምጥ የደረሰው አንድ ጃንጥላ ነው። ያ ጃንጥላ ነው ጉድ የሠራው። እሱ ባይደርሰው ኖሮ ገና ድሮ ተስፋ ቆርጦ ይተወው ነበር።

የሚቀጥለው ዕጣ ደግሞ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ነው።

ቤት ገብቶ ለሚስቱ ነገራት። ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት፤ መርፌዋን ከአፏ አወጣች።

«ታዲያ ምን ቁጭ አድርጎሃል? ነገ በጠዋት አውጣዋ!»

«ቅዳሜ እኮ ዕጣ አለ።»

«አሁንም ዕጣ! አንተ ሰውዬ፣ የኔ እህት ተራ ቁጠባ ነው ያላት፤ ትንሽም ብትሆን በየዓመቱ ወለድ ጠብ ትልላታለች። የኛ ወለድ የት ሄደ? ለማናውቀው ሰው መኪና ገዛ! ያኔ ይሄን ቁጠባ ስትጀምር የኮምፕሬሰር ዋጋ የአሁኑ ግማሽ አልነበረም?»

«ነበረ።»

«እና?»

«እናማ... ገንዘቡን ባወጣሁ ማግስት ቁጥሬ ቢወጣስ?»

ሚስቱ ወደ ስፌቷ ተመለሰች። ለሱ ነገሩ ይሄው ነበር። ሳይደርሰው መቅረቱን ለምዶታል። እሱ በተወው ቁጥር ለሌላ ሰው ቢደርስ ግን እንዴት አድርጎ እንደሚኖር አያውቅም።

ዓርብ ጠዋት ባንክ ሄደ። ገንዘብ ከፋይዋ ልጅ እግር ናት፤ የሞላውን ወረቀት አይታ ቀና አለች።

«ጋሼ፣ ዛሬ ካወጡት የቅዳሜው ቁጥሮችዎ ከርስዎ ይነሡና ለሌላ ሰው ይሰጣሉ። ያውቃሉ አይደል?»

«ሁሉም?»

«ሁሉም።»

«አንቺ ብትሆኚ ምን ታደርጊያለሽ እህቴ?»

«እኛ ሠራተኞቹ ዕጣ ውስጥ አንገባም፣ አይፈቀድም።»

«ቢፈቀድስ?»

ልጅቷ ወደ አለቃዋ ክፍል መስታወት አየት አደረገችና የሌላ ሰው ወረቀት ላይ ማኅተም መታች። እሱም ወረቀቱን መልሶ ወስዶ፣ አጥፎ ኪሱ ከተተና ወጣ።

መንገዱን ሙሉ ምን እንደሚል ሲያስብ መጣ። ጋሼ ነፋስ በር ላይ ቆመው እየጠበቁት ነበር።

«እህ፣ መጣ?»

«ሲስተም የለም አሉኝ ጋሼ። ነገ ከሰዓት ና ተብያለሁ።»

ውሸቱ ከአፉ ይሄን ያህል በቀላሉ መውጣቱ እሱን ራሱን ገረመው። ሲስተም የለም ሲባል ማን ይጠራጠራል? ጋሼ ነፋስም ራሳቸውን ነቀነቁ።

«እነሱ ደግሞ ሲስተማቸው ካለበት የሌለበት ቀን ይበዛል። በል ግድ የለም፣ አንድ ቀን አይገድለኝም። ለባትሪ ሠሪውም ተሸጧል እለዋለሁ።»

ጎሚስታው ወደ ሥራው ዞረ። የአንድ ሚኒባስ ጎማ ፈትቶ ሲያበቃ ብሎኖቹን የት እንዳስቀመጠ ጠፋበት።

ምሳ ሰዓት ላይ ሚስቱ ሳህን ይዛ መጣች፤ ከሩቅ ፊቷ በርቷል።

«ከፈልክ አይደል?» አለች።

እሱ ሳይመልስ ባትሪ ሠሪው ከጎን ሱቅ ብቅ አለ። በዚያው ባንክ ማሰሪያ የታሰረ ብር ጠረጴዛው ላይ ጣል አደረገ።

«ጋሼ፣ ሸጫለሁ ቢሉኝም አምጥቼዋለሁ፤ ሐሳብ ቢቀይሩ ብዬ።»

«ከየት አመጣኸው? ሲስተም የለም ተብሎ!» አሉ ጋሼ ነፋስ።

«የቱ ሲስተም? አሁን እኮ ነው ከዚያው የወጣሁት። እንደ እሳት ነው የሚሠራው!»

ሁሉም ጎሚስታውን አዩት። ሚስቱ ሳህኑን ቀስ ብላ አስቀመጠች።

«ዋሸኸኝ?» አሉ ጋሼ ነፋስ። አልጮኹም፤ ቢጮኹ ይሻለው ነበር።

«ዋሸሁ ጋሼ።»

«ለምን?»

«ነገ ዕጣ ስላለ።»

ባትሪ ሠሪው ሳቀ። «መኪና ቢደርስህስ ጎማውን ማን ሊለጥፍልህ ነው?» አለ። ማንም አብሮት አልሳቀም።

«መኪና ስር ስትገባ ክሪኩን የምይዝልህ ማነው?» አሉ ጋሼ ነፋስ።

«እርስዎ።»

«አንድ ቀን ቀና ብለህ፣ ይዘውታል ወይ ብለኸኝ ታውቃለህ?»

«ኧረ አላውቅም።»

«እኔም አንድ ቀን እውነትህን ነው ወይ ብዬ ጠይቄህ አላውቅም ነበር።» ምርኩዛቸውን አነሡ። «ቃል ሰጥቻለሁና ባንኩ እስኪዘጋ እጠብቃለሁ። ከተዘጋ የዚህ ሰውዬ ነው።»

ጎሚስታው ሮጠ። ሚስቱ የተናገረችውን አልሰማም። ባንኩ ዓርብ ዓርብ ሰው ይበዛበታል። ሰልፉ እንደ ኤሊ ነው፣ ዘበኛው ደግሞ ሰዓቱን እያየ በሩን ግማሽ ገፍቶታል። ተራው ሲደርስ ያቺው ልጅ ናት።

«ሁሉንም?» አለችው።

ትንሽ ቢተው አንድ ቁጥር ይቀርለታል። ግን የኮምፕሬሰሩ ሒሳብ ይጎድላል። ጋሼን ለዛሬ ደግሞ ቀንሱልኝ ብሎ መለመን በየት አፉ!

«ሁሉንም» አላት። ፈርሞ ብሩን ተቀበለ።

ጋሼ ነፋስ ገንዘቡን ሳይቆጥሩ ኪሳቸው ከተቱት። ቁልፉን ግን ለሱ አልሰጡትም። ለሚስቱ ሰጧት። «አደራ ልጄ» አሏት እንጂ ለሱ ደኅና ሁን እንኳ አላሉትም። እሱም እንዲሉት አልጠበቀም፤ እያነከሱ እስኪታጠፉ ድረስ ግን ቆሞ አያቸው።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ባትሪ ሠሪው ሬዲዮኑን ሆን ብሎ ደጅ አወጣና ከፍ አደረገው።

«ቁጥርህ ስንት ነበር ወንድሜ? ልስማልህ!»

«ረሳሁት» አለ ጎሚስታው። ቁጥሮቹን እንደ ልጆቹ ስም ነበር የሚያውቃቸው።

ኮምፕሬሰሩን አስነሣ። ሞተሩ ሲጮኽ የሬዲዮኑ ድምፅ ጠፋ። ነገር ግን ኮምፕሬሰር ሲሞላ በራሱ ይጠፋል፤ ስለዚህ የሚነፋ ጎማ ሳይኖር የነፋሱን ማውጫ ከፈተውና ፉጨቱን ለቀቀው። ነፋሱ ይወጣል፣ ሞተሩ ይጮኻል።

ሚስቱ ዛሬ ስፌቷን ትታ አብራው መጥታለች። ነጠላዋን ከአቧራው እየሸሸገች ጮኸችበት።

«አንተ! የመብራት ሂሳቡ የማን መሰለህ? ከዛሬ ጀምሮ የኛ እኮ ነው!»

እውነቷን ነው። ማውጫውን ዘጋው። ኮምፕሬሰሩ ሞላና ጸጥ አለ።

የሬዲዮኑ ድምፅ ተመልሶ መጣ። ሦስተኛውን ዕጣ እያነበቡ ነበር። የመጀመሪያዎቹ ሁለት አኃዞች የሱ ናቸው። የሚቀጥለው አኃዝ ግን ሌላ ሆነ። ስድስት ዓመት እንዲወጣለት ሲለምን ኖሮ፣ አሁን እንዳይወጣ ሲለምን ራሱን ያዘው።

ሁለተኛው ዕጣም ተነበበ። የሱ አይደለም።

«እንግዲህ በጉጉት ወደሚጠበቀው ወደ ትልቁ ዕጣ» አለ የሬዲዮው ሰው።

ጎሚስታው ሚስቱን አያት። እሷ አላየችውም። ከተቀመጠችበት ተነሥታ፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረችና ወደ ኮምፕሬሰሩ ሄዳ፣ የነፋሱን ማውጫ በሁለት እጇ ይዛ እስከ መጨረሻው ከፈተችው።