በቨርሊን ምድር ቤት የተያዘው ሰርጎ ገብ

በሃምትራምክ ለምትኖሩ፣ በዲትሮይትና በዙሪያዋ ለምትገኙ፣ ጆሮ ላላችሁም ለሌላችሁም የወጣ መግለጫ፦ ቨርሊን ፔትዌይ የተባለ፣ ዕድሜው ስድሳ ሦስት፣ ቁመቱ መካከለኛ፣ የተማሪ አውቶቡስ ሲጠግን ኖሮ ጡረታ የወጣ ዜጋ፣ ከዛሬ ጀምሮ በማንም ላይ እምነት የሌለው መሆኑን ያስታውቃል። ከዛሬ በፊትም አልነበረውም። ልዩነቱ፣ አሁን ማስረጃ አግኝቻለሁ ማለቱ ነው።

ማስረጃው የተገኘው ምድር ቤቱ ውስጥ፣ ከልብስ ማጠቢያው ማሽን አጠገብ ነው። እዚያ ሦስት አሮጌ ሲንተሳይዘሮች፣ ድምፅን በኤሌክትሪክ የሚፈጥሩ ኪቦርዶች፣ ቆመዋል። ሁለቱ የቨርሊን ናቸው፤ ሦስተኛው፣ ወፍራሙን የቤዝ ድምፅ የሚጫወተው፣ የጓደኛው የኦዜል ታኬት ነው። ሁለቱ ሰዎች ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ እዚያ ጉድጓድ ውስጥ ዘፋኝ የሌለው፣ ለወገብና ለእግር ብቻ የሚሆን ሙዚቃ ሲቀምሙ ኖረዋል። ዘንድሮ፣ አንድም ሸክላ ካላወጡበት ከአሥራ አራት ዓመት በኋላ፣ አንድ ትንሽ አሳታሚ የሸክላ አንዱን ገጽ ሰጣቸው፤ ሥራው በወሩ መጨረሻ መድረስ አለበት። የኦዜል ግራ ጆሮ መስማት እያቆመ ስለሆነ ይህ የሁለቱ የመጨረሻ ሸክላ እንደሚሆን እኛ ጎረቤቶቹ ሁላችንም እናውቃለን። ቨርሊን ግን፣ የጆሮው በሽታስ ቢሆን ምነው ልክ በዚህ ጊዜ መጣ ይላል።

በዚህ ከተማ የዲጄ ወግ አለ። ጥሩ ሸክላ ያገኘ ዲጄ መሃሉ ላይ የተለጠፈውን ስም በውሃ ዘፍዝፎ ይልጠዋል፣ ወይም ነጭ ወረቀት ይለጥፍበታል፤ ከኋላው አንገቱን አስግጎ የሚያነብ ተቀናቃኝ አይጠፋምና። ቨርሊን በወጣትነቱ ዲጄ ሳለ ሁለት መቶ ሸክላ ልጧል። ከዚያ የገዛ ሸክላዎቹን መለየት አቅቶት፣ የአክስቱ ልጅ ሠርግ ላይ የቀብር መዝሙር ማጫወቱን ሚስቱ ሎሪን እስካሁን ታነሳበታለች። ከዚህ ምን ተማረ? ብልጠቱን ወደ ማሽኖቹ አሸጋገረው።

በተለይ ወደ ኤኮ ሳጥኑ። ሲንተሳይዘሩ መጀመሪያ እንዳለ ኮምፒውተር ላይ ይቀዳል፤ ከዚያ ኮምፒውተሩ ያንን ድምፅ በገመድ ወደ ሳጥኑ ይልከዋል፤ ሳጥኑ እንደ ገደል ማሚቶ አስተጋብቶ በሌላ ገመድ ይመልሰዋል፤ የተመለሰውም ከመጀመሪያው ጎን ይቀዳል። ባለሙያዎቹ የመጀመሪያውን ደረቅ፣ ሳጥኑ ያስተጋባውን እርጥብ ይሉታል። ከሳጥኑ ምን ያህል ደረቅ፣ ምን ያህል እርጥብ እንደሚወጣ የሚወስን አንድ የሚዞር ቁልፍ አለ። ቨርሊን የቁልፎቹን ሁሉ ትክክለኛ ቦታ ስፈልግ ኖሬ አገኘሁ አለና፣ ማንም እንዳያይበት በጥቁር ናስትሮ ሸፈናቸው። በአውራ ጣቱም ደህና አድርጎ ተጫናቸው።

ናስትሮው በተለጠፈ በሁለተኛው ሳምንት፣ ሐሙስ ከምሳ በኋላ፣ ቨርሊን የተቀዳውን ሲያዳምጥ ሌላ ሰው ሰማ። ከገዛ ዜማው ኋላ፣ የዓይን ጥቅሻ ያህል ዘግይቶ፣ ያንኑ ዜማ የሚጫወት ሌላ ሰው። ኤኮ እንዳይባል ኤኮ ይሟሟል፤ ይሄ አይሟሟም። ደረቅ ነው፣ እግር በእግር ይከተላል። ቨርሊን ሲፈጥን ይፈጥናል፣ ቨርሊን ሲያቆም ያቆማል። በስለላ ታሪክ እንዲህ ያለ ትጉህ ክትትል ታይቶ አይታወቅም።

ምርመራ ተከፈተ። ወደ ምድር ቤቱ የወረደ ማን ነው? ሎሪን፣ ከነልብሷ ቅርጫት። ኦዜል፣ ማክሰኞ ዕለት። ኦዜል የሚያጉረመርም ገመድ ልቀይር ብሎ ከማሽኖቹ ኋላ ሩብ ሰዓት ሙሉ ተንበርክኮ ነበር። ገመድ ለመቀየር ሁለት ደቂቃ ይበቃል፤ አሥራ ሦስቱ ደቂቃ የት ገባ? ኦዜል ጉልበቱን የሚያመው ሰው ነው፤ አሥራ ሦስቱን ደቂቃ የፈጀው ለመነሳት ነው። ይህ በምርመራው መዝገብ አልገባም። የገባው ድምዳሜው ብቻ ነው፦ ኦዜል ከሳጥኑ ስውር መስመር ስቦ ድምፁን ለሌላ ሰው ያቀብላል፤ ያ ሌላ ሰው ሲለማመድም በዚያው መስመር ተመልሶ ይሰማል። ይህ በኤሌክትሪክ ሕግ የሚቻል መሆን አለመሆኑን አውቶቡስ ጠጋኙ ራሱን አልጠየቀም።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ኦዜል እንደ ልማዱ መጣ። እኔ ጎረቤት ነኝና፣ ነገሩ የሸተታት ሎሪን ጠርታኝ ደረጃው ላይ ተቀምጬ ነበር። ቨርሊን ጓደኛውን አስቀመጠና የተቀዳውን ከፈተለት።

«ምን ትሰማለህ?»

«ጥሩ ነው» አለ ኦዜል፣ ደህነኛውን ጆሮውን አዙሮ።

«የሚጫወተው ሰው ስንት ነው?»

ኦዜል ወደ እኔ አየ። እኔ ወደ ማጠቢያው ማሽን አየሁ።

«አንድ ነዋ። አንተ ነህ።»

«ሁለት ነን። ሁለተኛውን አንተ ትነግረኛለህ ብዬ ነው የጠበቅሁህ።»

ኦዜል ቀልድ መስሎት ነበር። «አንተ ሰውዬ፣ ያንተን ድምፅ ሰርቄ ለማን ልሽጠው? እናትህ እንኳ ከሸክላዎቻችን የገዛችው አንድ ነው፤ እሱንም መልሳዋለች» አለው። ቨርሊን አልሳቀም። የስውሩን መስመር ነገር አነሳ፣ የአሥራ ሦስቱን ደቂቃ ነገር አነሳ፣ በመጨረሻም፣ ምናልባት እንደምትለው አልደነቆርክም ይሆናል አለው። ያኔ የኦዜል ፊት ተለወጠ።

«ሃያ ስድስት ዓመት» አለ ቀስ ብሎ። «በዚህ ሁሉ ዓመት የዚህን ሳጥን ቁልፎች አሳየኝ ብዬህ አውቃለሁ?»

«አለመጠየቅህ እኮ ነው የሚያጠራጥረኝ።»

ኦዜል ተነሳ። የቤዙን ማሽን ነቀለ፣ ገመዱን ክንዱ ላይ ጠመጠመ፣ በየሦስት ደረጃው እያረፈ ተሸክሞት ወጣ። ላግዝህ ብዬ ብነሳ፣ አንተም ከዚያው ወገን ነህ ብሎ አለፈኝ። ማሽኑ የነበረበት ቦታ ላይ አቧራ ያልነካው አራት ማዕዘን ቀረ። ቤዝ የሌለው የዳንስ ሸክላ ጎማ የሌለው አውቶቡስ ማለት ነው፤ ይህን ከቨርሊን የበለጠ የሚያውቅ የለም። የቀረው ዘጠኝ ቀን ነበር።

ሰኞ ዕለት ሎሪን ልብስ ልታጥብ ወረደች። የናስትሮው ጫፍ ተላጦ ከማድረቂያው የሚበነው የጨርቅ ብናኝ ተሰብስቦበታል። አትንኪው ብሎ ቨርሊን ከላይ ሲጣራ እሷ ላጥ አድርጋ ጨርሳለች።

«ይሄ ቁልፍ መሃል ላይ ነው መሆን ያለበት?» ብላ ጠየቀች።

አልነበረም። ጥግ ድረስ ወደ ቀኝ ዞሮ እርጥቡን ብቻ መልቀቅ ነበረበት። መሃል ላይ በመሆኑ ሳጥኑ ደረቁንም ጨምሮ ሲመልስ ከርሟል፤ ደረቁ ደግሞ አስቀድሞ ኮምፒውተሩ ውስጥ አለ። በአንዱ ገመድ የወጣው ቨርሊን በሌላው ገመድ ዘግይቶ ይመለሳል፤ ሁለቱ ቨርሊኖች ይገናኛሉ። ሰርጎ ገቡ እሱ ራሱ ነው። የናስትሮው ሙጫ ከቁልፉ ጋር ወደ ግራ የተጎተተበት መንገድ ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ የአውራ ጣቱ አሻራ ሳይቀር።

«ማክሰኞ ዕለት ኦዜል…» ብሎ ጀመረ ቨርሊን።

«በናስትሮው ሥር ሾልኮ?» አለች ሎሪን። «ደውልለት።»

አልደወለም። ይቅርታ ለመጠየቅ ስህተቱን መናገር አለበት፤ ስህተቱን ከተናገረ ቁልፉ የት መሆን እንደሚገባው ተናገረ ማለት ነው፤ እሱ ደግሞ ሚስጥር ነው። ሳጥኑ ሲገዛ አብሮት በሚመጣው መጽሐፍ አራተኛ ገጽ ላይ በሥዕል ተደግፎ የሰፈረ ሚስጥር። ስለዚህ ደብዳቤ ጻፈ፦ «በተደረገው ማጣራት በአንተ ላይ የቀረበው ክስ ለጊዜው ታግዷል።» ሎሪን ቀደደችው። ሁለተኛውን ሳታነብ ቀደደችው። በሦስተኛው ቀን ቨርሊን እኔን በአጥር በኩል ጠራኝ። ሂድና ኦዜልን አንተ አይደለህም በለው፣ የቁልፉን ነገር ግን አደራ አለኝ። ቨርሊን ሰው ሲለምን ሰምቼ አላውቅም፤ ለዚያ ብዬ ሄድኩ።

ኦዜል በረንዳው ላይ ነበር። በመስኮቱ የቤዙ ማሽን አንሶላ ለብሶ ይታያል። የተላክሁትን ነገርኩት።

«እኔ ካልሆንኩ ማን ነው?»

የቁልፉ አደራ አለብኝና ወደ አንሶላው አየሁ።

«የላከህ እሱ ነው ወይስ ሎሪን?»

«እሱ ራሱ።»

«ቨርሊን ይቅርታ ሲልክ? ወጥመድ ነው» አለና ተነስቶ ገባ፤ በሩንም ከውስጥ ቆለፈው። እውነት ይዤ ሄጄ እንደ ሰላይ ተመለስኩ።

አሁን የቀረው አምስት ቀን ነው። ሁለቱም በየቤታቸው ስልካቸውን አፍጥጠው ያዩታል፤ ሁለቱም ሌላው ምን እያሴረ ይሆን እያሉ ነው። እኔ ከሁለቱም ዘንድ ተባርሬያለሁ፤ ቨርሊንም ባዶ እጄን ስመለስ ከኦዜል ጋር አብረሃል ብሎኛል። አንተን ግን፣ አንባቢ ሆይ፣ እስካሁን ማንም አልጠረጠረህም። ኦዜል ቀትር ላይ ከፖስታ ቤቱ ማዶ፣ ኮኒ የሚባለው ቋሊማ በዳቦ በሚሸጥበት ቤት፣ ከባንኮኒው ጫፍ ካለው ወንበር አይጠፋም። ሄደህ አጠገቡ ተቀመጥ፤ አንድ ኮኒ በሰናፍጭና በሽንኩርት እዘዝ፣ ግማሹን ሳትጨርስ ወሬ አትጀምር። ከዚያ ቁልፉ መሃል ላይ ነበር፣ ያዞረውም ቨርሊን ራሱ ነው በለው። የኔን ስም እንዳታነሳ። አንተስ ይህን ከማን ሰማህ ብሎ የጠየቀህ እንደሆነ ደግሞ… አንተም ከዚያው ወገን ሆነሃል ማለት ነው።