ጋሽ ኩምሳ እና ስማቸው የተቆረጠው ዘፋኞች

ጋሽ ኩምሳ አቃቂ ፋብሪካ ውስጥ ሠላሳ ሁለት ዓመት ከሽመና መኪና ጋር ሲጯጯሁ ኖረው ጡረታ ሲወጡ፣ አንድ ጆሯቸው ደክሞ ነበር። የቀረችውን ለዘፈን ነው ያስቀመጧት።

ድሮ የራዲዮ ሰዎች መቅጃ ተሸክመው በየገጠሩ ይዞሩ ነበር። የእርሻውን፣ የሰርጉን፣ የወፍጮውን ዘፈን ያመጡና በሳምንት አንድ ቀን ያሰማሉ። ያን ቀን ጋሽ ኩምሳ ቴፓቸውን ከራዲዮው ፊት ደቅነው ሲቀዱ ቤት ውስጥ ትንፋሽ አይሰማም። ሚስታቸው ጠጄ ሳል ሲይዛት ጓሮ ወጥታ ነበር የምትስለው።

«አንተ ሰውዬ፣ ይሄን ሁሉ ለማን ልታወርስ ነው?» ትላቸዋለች ስትመለስ።

«መጀመሪያ ሳልሽን ጨርሺ» ይሏታል።

ያን ጊዜ ካሴት እንደ ልብ አይገኝም። ስለዚህ ጋዜጠኛው አፉን በከፈተ ቁጥር ጋሽ ኩምሳ መቅጃውን ቀጥ ያደርጉታል። ወሬ ለምን ካሴት ይብላ? ብልህነት መስሏቸው ነበር። ግን ዘፋኟ ማን እንደሆነች፣ የት እንደተቀዳች የሚናገረው እሱ አልነበር? ያ ሁሉ ሰው ስሙ ተቆርጦ ቀረ። እሳቸውም ሲቸግራቸው በየካሴቱ ላይ «ዶሮ የጮኸባት»፣ «ሳል የያዘው ሽማግሌ»፣ «ባቡር የጮኸባት» እያሉ ጻፉ።

ባለፈው ዓመት ዳሲቱ የምትባል ሴት ከቱሉ ዲምቱ በሚኒባስ መጣች። ስድሳን ተሻግራለች። አቃቂ ከሐዲዱ ሥር ካለው መንደር ተወልዳ፣ ያደገችበት የእርሻ መሬት ቤት ሲሠራበት ኮንዶሚኒየም የገባች ናት። ስለ ካሴቶቹ እድር ላይ ሰምታ ነው።

«ጋሼ፣ እናቴ ሌሊሴ የሞተችው በሦስት ዓመቴ ነው፤ ፎቶ እንኳ የላትም» አለቻቸው። «ግን በራዲዮ ዘፍናለች። ሰርግ ላይ ተቀድታ ነው ብላኛለች አያቴ። እባክዎ፣ ድምጿን አንድ ቀን ልስማው።»

ጋሽ ኩምሳ የሰርጉን ካሴቶች ያወጡ ጀመር። ያ ጋዜጠኛ የሌሊሴን ስም ሲጠራ አፉን የዘጉት በገዛ ጣታቸው ነው።

አራት ቅዳሜ የሰርግ ዘፈን ሲሰሙ ዋሉ። አንዷ ሴት ስታወጣ ዳሲቱ ቀና ትላለች፣ ሌላዋ ስትቀጥል ደግሞ ቀና ትላለች። በምን ትለያት? በአምስተኛው ቅዳሜ ነጠላዋን አጣፍታ ተነሣች።

«ይበቃናል ጋሼ። ምናልባት ሰምቻት ሳላውቃት አልፌያት ይሆናል።»

ይሄኔ ጠጄ ከጓዳ ብቅ አለች። «አያትሽ ዘፈኑን አንድ ቀን አላንጎራጎረችልሽም?»

«ወይ እሷ! ጎረቤት ራዲዮ ሲከፈት ራሱ ጥላ ትወጣ ነበር። ‹እናቴ ምን ብላ ዘፈነች?› ስላት፣ ‹ዝም ብለሽ ምስርሽን ልቀሚ› ነው መልሷ።»

«የእናትሽ እናት ናት?»

«የለም፣ የአባቴ።»

ጠጄ እጇን አጨበጨበች። «አማቷ ናታ! አንተ ሰውዬ፣ ሰርጉን ተወውና ወፍጮውን አምጣ!»

ድሮ ምራት ለአማቷ ፊት ለፊት የማትለውን ወፍጮ ላይ አጎንብሳ ትለዋለች። አማትም ሰምታ እንዳልሰማች ታልፋለች፣ ደንቡ ነው። አገር በሙሉ በራዲዮ ሲሰማው ግን እንዴት ብላ ትለፈው? የዳሲቱ አያትም ሰርግ ነው ብላ ሸሸገችው።

የወፍጮው ሰባት ካሴት ነው። ጋሽ ኩምሳ ግን መንደሩ ከሐዲዱ ሥር እንደነበር ትዝ አላቸውና እጃቸው በቀጥታ «ባቡር የጮኸባት» ላይ ሄደ። መጁ ከወፍጮው ድንጋይ ጋር ሲፋተግ ተሰማ፤ ከዚያ አንዲት ቀጭን ድምፅ፦

ባቡር እንኳ ያርፋል አቃቂ ሲደርስ፣
አማቴ አታሳርፍ ጉልበቴ ቢፈርስ።

ባቡሩም የጠሩት ይመስል ጮኸ። ሴትዮዋ ሳቀችና እህሉን መግፋቷን ቀጠለች። ቀጥላም የአማቷን ስም ከነአባቷ ጠርታ፣ የሰፈሩን ጉድ ሁሉ አወጣችባት።

ዳሲቱ አፏን በነጠላዋ ያዘች። «አያቴን! አያቴን እኮ ነው!» ትስቃለች፣ እንባዋም ይወርዳል። ዘፋኟ ከዳሲቱ የመጨረሻ ልጅ እንኳ በዕድሜ ታንሳለች፤ ድምጿ ገና የልጅ ነው።

ጋሽ ኩምሳ መልሰው አጫወቱላት። ለሦስተኛ ጊዜ ሲያሰሟት ዳሲቱ ወደ ቴፑ ጠጋ አለች።

«ኧረ እማዬ፣ ይሄን ያህል እንኳ ክፉ አልነበረችም» አለቻት በቁጣ። «እኔን ያሳደገችኝ ማን ሆነና!»

ጠጄ ልትስቅ ስትል ጋሽ ኩምሳ በዓይናቸው ከለከሏት። እናትና ልጅ ነገራቸውን እስኪጨርሱ ብለው ካሴቱን ዳግመኛ አጠነጠኑት።