ማግኔቱና የአንገቷ መስቀል

ጎንደር ውስጥ በአንድ የኬሚስትሪ ላቦራቶሪ የብርጭቆ ዕቃ ሳጥብ ኖሬ ጡረታ ወጣሁ። ዛሬ እዚያው ላቦራቶሪ የልጅ ልጄ ሁለተኛ ዲግሪዋን ትሠራለች። በሕፃንነቷ ተቀብዬ ያሳደግኳት እኔ ነኝ።

ባለፈው ግንቦት ምሳ ይዤላት ስሄድ ሚዛኑ ላይ አቀርቅራ አገኘኋት። ከመዳብ የሠራችውን ሰማያዊ ዱቄት በቀጭን ቱቦ ሞልታ ማግኔት ባለው ሚዛን ውስጥ ትከታለች። ማግኔቱ ዱቄቱን የሚስብበት ኃይል በቁጥር ይወጣል፤ ከቁጥሩም በውስጡ ስንት ጥንድ የሌለው ኤሌክትሮን እንዳለ ይታወቃል።

«እኔም ጥንድ የለኝ፤ ሚዛኑ ላይ አውጪኝ» አልኳት።

አልሳቀችም። «እምዬ፣ አንዱን ዱቄት አምስት ጊዜ ለክቼ አምስት ዓይነት ቁጥር ሰጠኝ። እስከ ዓርብ ካልተስተካከለ የዘንድሮው ምረቃ ያልፈኛል።»

በእኔ ጊዜ መምህራኑ እዚያ ሚዛን አጠገብ ብረት አያስደርሱም ነበር። «ቁልፍሽንስ?» አልኳት።

«ቁልፉም፣ ሰዓቱም፣ ስልኩም በር ላይ ናቸው። የፀጉር ማስያዣዬን ሳይቀር አውጥቻለሁ።»

በርጩማ ስቤ ተቀመጥኩና አየኋት። ቁጥሩን ለማንበብ ጎንበስ ስትል ቁጥሩ ይቀየራል፤ ቀና ስትል ይመለሳል። ጎንበስ ባለች ቁጥር ከጋዋኗ ሾልኮ የሚወዛወዝ ነገር አለ። የአንገቷ መስቀል ነው። ለክርስትናዋ ቀሐ ሰፈር የገዛሁት፣ የብረት። እሷም እኔም ብረት ነው ብለን አስበን አናውቅም። መስቀል ነዋ።

ጣቴን ወደ አንገቷ ቀሰርኩ። ገባትና እጇን ደረቷ ላይ አደረገች።

«ምነው እምዬ፣ ማተቤን ልፍታ?»

«ማተቡ ይቆያል። መስቀሉ የተንጠለጠለበት ሌላ ክር ነው። ነይ።»

መቀስም ብረት ነውና ክሩን በጥርሴ በጠስኩት። እስክጨርስ ግንባሯን ትከሻዬ ላይ አሳረፈች፤ ልጅ ሳለች እንቅልፍ ሲመጣባት እንደምታደርገው።

መስቀሉን ጨብጬ ኮሪደር ላይ ቆምኩ። ቆይታ አንድ ቁጥር ጠራች። እንደገና ያንኑ። ሦስተኛም ያንኑ።

«እምዬ! ጥንድ የሌለው አንድ ብቻ ነው! ልክ እንደጠበቅኩት! ሰማሽ?»

«ሰምቻለሁ። አሁን ምሳሽን ብዪ።»

ከበላች በኋላ ከነጠላዬ ጫፍ ክር መዝዤ መስቀሉን መልሼ አሰርኩላት። ዓይኔ ደክሟልና ቋጠሮው ጊዜ ወሰደብኝ። እሷም አልቸኮለችም።